ከፍላሽ በፊት፦ ኖራ፣ ካርቦንና ማግኒዥየም

የድሮ ፎቶ አንሺ ጨለማ ክፍል ድቅድቅ ጨለማ አልነበረም። ጥግ ላይ ሻማ ወይም የዘይት ኩራዝ ይበራል፤ ፊቱ ላይ ቢጫ መስታወት ይጋረዳል። ፎቶ አንሺው በዚያ ብርሃን ፕሌቱን (ምስሉ የሚያርፍበትን ሳህን) ይቀባል፣ ያጥባል፣ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ቆሞ ያያል። ፕሌቱ ግን ያን ብርሃን አያየውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ከሰው ሠራሽ ብርሃን ጋር ለምን ያን ያህል እንደታገሉ መረዳት የፈለገ ሰው ከዚህች ኩራዝ ቢጀምር ይሻለዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ኃይለኛ መብራት ስላልነበረ ማታ ፎቶ ማንሳት አልተቻለም የሚል ነው። ግማሹ ልክ ነው። በ1839 ይፋ ከሆነው ዳጌሮታይፕ (ምስሉ በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚወጣበት ዘዴ) ጀምሮ እስከ እርጥብ ኮሎዲየን (የሚጣበቅ ፈሳሽ የተቀባ መስታወት ሳይደርቅ የሚነሣበት ዘዴ) ድረስ ምስሉን የሚይዘው የብር ጨው ነው። የብር ጨው በተፈጥሮው የሚነካው በሰማያዊ፣ በሐምራዊና ዐይን በማያየው አልትራቫዮሌት ነው፤ ቢጫና ቀይ ቢያርፍበት ዝም ይላል። የሻማ፣ የኩራዝና የጋዝ መብራት ብርሃን ደግሞ አብዛኛው ቢጫና ቀይ ነው። ስለዚህ አዳራሹን በመቶ ሻማ ብትሞሉት ለእናንተ ቀን ይመስላል፤ ለፕሌቱ ግን አሁንም ሌሊት ነው። የጎደለው ድምቀት ብቻ ሳይሆን ሰማያዊው ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፊዞና ፉኮ በ1844 የፀሐይን፣ የካርቦን አርክን (በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል የሚዘልል ኤሌክትሪክ) እና በነበልባል የጋለ ኖራን ብርሃን በዳጌሮታይፕ ፕሌት ላይ አወዳድረው ሲለኩ፣ አርኩ ከፀሐይ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ፤ ለዐይን እጅግ የሚያንጸባርቀው የኖራ ብርሃን ግን ከፀሐይ ከ100 እጥፍ በላይ ደክሞ ቀረ።

የሆነ ሆኖ ኖራው ቀድሞ በእጅ የነበረ ብርሃን ነው። ድራሞንድ የተባለው መሐንዲስ በ1820ዎቹ ከሩቅ ተራራ የሚታይ ምልክት አድርጎ ለካርታ ሥራ ተጠቅሞበታል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አብረው ሲነዱ የሚወጣው ነበልባል ራሱ ደብዛዛ ነው፤ ሙቀቱ ግን ብርቱ ነው። ነበልባሉን የአውራ ጣት ያህል በሚወፍር የተቃጠለ ኖራ በትር ላይ ስታሳርፉት፣ የተመታው ቦታ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጋዞቹ በሁለት የጎማ ከረጢቶች ይሞላሉ፤ ከረጢቶቹ በማጠፊያ በተያያዙ ሳንቃዎች መካከል ይገቡና ከላይ ክብደት ይጫንባቸዋል። መጀመሪያ ሃይድሮጅኑ ብቻ ተለኩሶ ኖራውን ቀስ ብሎ ያሞቀዋል፤ ኦክስጅኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያልታገሠ ሰው ኖራው በፊቱ ይሰነጠቅበታል።

ችግሩ ከዚህ ይቀጥላል። ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ኖራውን ይበሳዋል፤ ጉድጓድ ሲፈጠር ብርሃኑ ይደክማል፣ ይባስ ብሎም ነበልባሉ ከጉድጓዱ ተመልሶ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። ስለዚህ በትሩ በየጥቂት ደቂቃው በትንሹ መዞር አለበት። ኖራ ከአየር እርጥበት ስለሚስብም በደንብ በተዘጋ ቆርቆሮ ካልተቀመጠ ሳይጠቀሙበት ዱቄት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ክብደቱ ነው። ቧንቧዎቹ ክፍት ሳሉ አንዱን ከረጢት የተጫነው ነገር ቢነሣ፣ ግፊቱ ስለሚበላለጥ የአንዱ ጋዝ በቱቦው ወደ ሌላው ይገባል። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በአንድ ከረጢት ከተቀላቀሉ በኋላ የሚቀረው ፍንዳታውን መጠበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ታልፎ የሚገኘው ምስልስ? በማይክሮስኮፕ ለሚታዩ ትንንሽ ነገሮች ኖራው ሠርቷል፤ ኢቤትሰን በ1840 አካባቢ የሞከረው ይህንኑ ነው። ለሰው ፊት ሲሆን ግን ግንባርና አፍንጫ ጠመኔ የተቀባ ይመስላሉ፤ የዐይን ጉድጓድና የአገጭ ሥር ጥቁር ይሆናሉ። ምክንያቱ የብርሃኑ ምንጭ ትንሽነት ነው። ከትንሽ ነጥብ የወጣ ብርሃን በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ጥላ ይጥላል፤ ከሰፊ መስኮት የገባ ብርሃን ግን ፊቱን ዞሮ ያቅፈዋል። እንግዲህ ችግሩ ሁለት ነው፦ ሰማያዊ ማግኘትና ምንጩን ማስፋት። የመጀመሪያው በኬሚስቶች ተፈታ። ሁለተኛው የፎቶ አንሺዎች ሥራ ነበር፤ በእኔ ግምት ክብሩ የሚገባውም ለእነዚህ ነው።

ብየዳ ያየ ሰው አርክን ያውቀዋል። ሁለት የካርቦን ዘንጎች በኤሌክትሪክ ይገናኙና በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የሚዘልለው ኤሌክትሪክ ጫፎቻቸውን ያነጣቸዋል። አብዛኛው ብርሃን የሚወጣው ከፖዘቲቩ ዘንግ ጫፍ ላይ ከሚፈጠረው ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ተነሺው ያንን ጎን እንዲያይ ተደርጎ ይቀመጣል። ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ወፍራም ዘንግ ይደረግለታል። ክፍተቱ ሲሰፋ አርኩ ይንጫጫል፣ ይርገበገባል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ይህን ለመከላከል እንደ ሰዓት በስፕሪንግ የሚሠራና በኤሌክትሮማግኔት የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ተፈለሰፈ፤ ኤሌክትሪኩ ሲደክም ዘንጎቹን ያቀራርባል።

ዲናሞ (እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ከመምጣቱ በፊት ኤሌክትሪኩ የሚገኘው ከቡንሰን ባትሪ ነው። እያንዳንዱ ባትሪ ውጪው የመስታወት ወይም የሸክላ ዕቃ ሆኖ በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድና ዚንክ ይይዛል፤ መሐሉ ላይ ፈሳሽ ቀስ ብሎ በሚያሳልፍ የሸክላ ኩባያ ናይትሪክ አሲድና ካርቦን ይቀመጣል። አንዱ 1.9 ቮልት ገደማ ይሰጣል። አርክ ለማቆም ከ40 እስከ 50 ቮልት ስለሚያስፈልግና ባትሪው ራሱ በውስጡ የሚያባክነው ስላለ፣ 50 ያህሉ ተሰልፎ ይገናኛል። 50 ዕቃ አሲድ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ሲሠሩ የሚያወጡት ቡናማ ጋዝ ደግሞ ጉሮሮ ይይዛል፣ ሳንባ ይጎዳል። ናይትሪክ አሲዱ እየደከመ ሲሄድም ብርሃኑ ይወርዳል፤ ሥራው እንዳለቀ ዚንኩ ወጥቶ ካልታጠበ በከንቱ ይበላል።

ፎቶ አንሺው ናዳር በፓሪስ ከ1858 ጀምሮ የሞከረው በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የፊት ምስሎቹ እንደ ኖራው ዘመን ደረቅ ነበሩ። ከዚያ በጥላው በኩል ነጭ አንጸባራቂ ማቆምና ብርሃኑን በመስተዋት መመለስ ጀመረ፤ በ1861ም በሰው ሠራሽ ብርሃን ፎቶ የማንሳት ዘዴውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዐፅም ወደተደረደረባቸው የፓሪስ የምድር ውስጥ ዋሻዎች ሲወርድ ባትሪዎቹን መንገድ ላይ ትቶ ሽቦውን በጉድጓድ አወረደ፤ የአሲዱ ጭስም ውጪ ቀረ። አንዱ ምስል እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። 18 ደቂቃ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ስለማይገኝ የሠራተኛ ልብስ ያለበሳቸውን አሻንጉሊቶች አቆመ። በኋላ ወደ ፍሳሽ ቦዮቹ ሲገባ ጠላቱ እንፋሎት ሆነ፦ ደቂቃዎች ከተቆጠሩ በኋላ ከውሃው የተነሣ ጉም በሌንሱ ፊት ካለፈ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ መንገድ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል። ፎክስ ታልቦት በ1851 ለንደን ውስጥ የጋዜጣ ገጽ በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ ላይ ለጥፎ፣ በሌይደን ጠርሙሶች የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በአንድ ብልጭታ ለቀቀና ፊደሉ የሚነበብ ምስል አገኘ። የዛሬው የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ አያት ይህ ነው። ነገር ግን ብልጭታው የሚያበራው ከአጠገቡ ያለችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ስለነበር ለሰው ፊት አልደረሰም።

ነገሩን የለወጠው ማግኒዥየም የተባለው፣ ሲለኮስ የሚነድ ቀላል ብረት ነው። ኬሚስቶቹ ቡንሰንና ሮስኮ በ1859 የማግኒዥየም ነበልባል ለብር ጨው ምን ያህል የሚስማማ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት እንዳለው አሳዩ። ሶንስታት ብረቱን በብዛት የማምረቻ መንገድ አገኘ፤ ማንቸስተር ውስጥ ሽቦና ሪባን ሆኖ መሸጥ ጀመረ። አልፍሬድ ብራዘርስ በ1864 በዚህ ብርሃን የማዕድን ዋሻ ውስጡንና የሰው ፊት አነሣ። በ1865 ፒያዚ ስሚዝ የጊዛን ታላቅ ፒራሚድ ውስጥ፣ በ1866 ዋልዳክ በኬንታኪ ማሞዝ ዋሻን፣ በ1867 ኦሱሊቫን በኔቫዳ የብር ማዕድን ውስጥ የሚሠሩትን ቆፋሪዎች አነሡ። ለካስ 50 ዕቃ አሲድ የሚሠራውን ሥራ በኪስ የሚገባ ጥቅልል ይሠራዋል።

ሪባኑ ሲነድ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። 3 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ያለው ሪባን 1 ሜትሩ ወደ 1 ግራም ይመዝናል። የቆየ ከሆነ በላዩ ግራጫ ሽፋን ይይዛል፤ በአሸዋ ወረቀት ወይም በቢላዋ ጀርባ ካልተፋቀ ለመያዝ ያስቸግራል። ጫፉ በአልኮል ኩራዝ ነበልባል ላይ ሲያዝ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይታይም። ከዚያ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ ድንገት ዐይን የማይችለው ነጭ ብርሃን ይወጣል። ጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ሙቀቱ ወደ ላይ እየወጣ የሚቀጥለውን ያዘጋጀዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ወደ እጅ ይገሰግሳል። ከነደደው በኋላ ነጭ አመድ እንደ ተጠማዘዘ ክር ይንጠለጠላል፤ ክሩ ረዝሞ ካልተራገፈ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ሲወድቅም ገና ግሎ ስለሆነ ከሥሩ አሸዋ ያለበት ሳህን ይደረጋል። ሁለት ወይም ሦስት ሪባን አብሮ ቢገመድ አንዱ ሊጠፋ ሲል ሌላው ያያይዘዋል። በስፕሪንግ እየዞረ ሪባኑን በእኩል ፍጥነት ወደ ነበልባሉ የሚገፋ፣ ከኋላው ጎድጓዳ አንጸባራቂ ያለው ፋኖስም ብዙ ሳይቆይ ገበያ ላይ ዋለ።

ዛሬም ሪባን የሚያነድ ስላለ ሁለት ነገር ልጨምር። የነደደ ማግኒዥየም ላይ ውሃ አይፈስበትም፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እሳቱም ይብሳል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይረዳም፤ ብረቱ ከዚያም ውስጥ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። ነበልባሉንም በባዶ ዐይን ትኩር ብሎ ማየት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ግን ፎቶ አንሺውን ያስመረረው ጭሱ ነው። 1 ግራም ማግኒዥየም ሲነድ 1.66 ግራም ነጭ ኦክሳይድ ይሆናል፤ የቀነሰ የለም፣ እንዲያውም ከአየሩ ኦክስጅን ይጨመርበታል። ይህ ዱቄት እንደ ጉም አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር በማይንቀሳቀስበት ዋሻ ወይም ፒራሚድ ውስጥ አንዱ ምስል ከተነሣ በኋላ ለሁለተኛው ረጅም ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው። በእርጥብ ኮሎዲየን ዘመን ደግሞ ፕሌቱ ከተዘጋጀ 10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልተነሣና ካልታጠበ ይደርቃል፤ ጭሱ ይጥራ ተብሎ አይጠበቅም።

አሁን ወደ አቀማመጡ። መጀመሪያ ካሜራው በሦስት እግሩ ላይ ይተከላል። ጨለማ ውስጥ ፎከስ ለማድረግ ተነሺው ባለበት ቦታ ሻማ ይያዛል፤ ከካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ የሻማው ነበልባል ጥርት እስኪል ሌንሱ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የሌንሱ ክዳን ይነሣል፣ ማግኒዥየሙ ይነዳል፣ ክዳኑ ይመለሳል። ሸተር (በቅጽበት ተከፍቶ የሚዘጋ የካሜራ መጋረጃ) አያስፈልግም፤ ጊዜውን የሚወስነው እሳቱ ነው። የሚነደው ነገር ከሌንሱ ፊት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎና ወደ ጎን ሆኖ ይቀመጣል። ብርሃኑ በቀጥታ ሌንሱን ከመታው ምስሉ ሁሉ ይገረጣል።

የርቀቱ ሒሳብ ብዙዎችን አሳስቷል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። 1 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ሪባን ከበቃ፣ 2 ሜትር ላይ 40፣ 3 ሜትር ላይ 90 ሴንቲሜትር ይፈለጋል። ሪባን ለመቆጠብ ብርሃኑን ተነሺው ላይ ያስጠጋ ሰው ሌላ ዋጋ ይከፍላል፦ ፊቱ 1 ሜትር፣ ግድግዳው 3 ሜትር ላይ ከሆኑ ግድግዳው የሚያገኘው የፊቱን አንድ ዘጠነኛ ነውና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑ 4 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው 6 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ያኔ የፊቱን ግማሽ ሊሞላ የቀረው ትንሽ ነው። ሪባኑ ግን 16 እጥፍ ያልቃል፣ ጭሱም እንደዚያው።

ጥላውን ለማለዘብ ከተገኙት ዘዴዎች በጣም የምወደው ምንም ወጪ የሌለው ነው፦ ሪባኑ እየነደደ ሳለ እጅን ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ። ፕሌቱ ጊዜውን ሁሉ አጠራቅሞ ስለሚያይ፣ የተንቀሳቀሰችው ነጥብ እንደ ሰፊ መስኮት ትቆጠርለታለች። ከዚህ ሌላ በእሳቱና በተነሺው መካከል ሻሽ መወጠርና በጥላው በኩል ነጭ አንሶላ ማቆም ነበር። ሻሹ ከነበልባሉ ራቅ ማለቱ አይረሳም።

በ1887 ሚቴና ጌዲከ ጀርመን ውስጥ ዱቄት ማግኒዥየምን ከፖታሺየም ክሎሬትና ከአንቲሞኒ ሰልፋይድ ጋር የቀላቀለ የብልጭታ ዱቄት አወጡ። ኦክስጅኑን ከአየር ሳይጠብቅ ከራሱ ስለሚያገኝ ደቂቃ ሙሉ የሚነደው በሰከንድ ክፋይ ያልቃል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ማንሳት ተቻለ። ጋዜጠኛው ጃኮብ ሪስ በኒው ዮርክ የድሆች ሠፈር ሌሊት ያነሣቸው ምስሎች የዚህ ውጤት ናቸው፤ መጀመሪያ በሽጉጥ መሰል መተኮሻ፣ ሰው ሲደነግጥበት ደግሞ በመጥበሻ ላይ ያነደው ነበር። ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፣ አንዴም የገዛ ልብሱን። ውህዱ ክሎሬትና ሰልፋይድ አንድ ላይ ስላለበት በፍትጊያ፣ በምት፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ይነሣል፤ ብዙ ፎቶ አንሺ ጣቱንና ዐይኑን ያጣው ሲተኩስ ሳይሆን ሲቀላቅል ነው። መጠኑን እዚህ የማልጽፈውም ለዚህ ነው። ከዚህ የሚሻለው በጎማ ፊኛ ንጹሕ የማግኒዥየም ዱቄት በአልኮል ነበልባል ውስጥ የሚነፋው ፋኖስ ነበር፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ተነሺው ዐይኑን ሲጨፍን ይደርሳል።

ስቱዲዮዎቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። ቫን ደር ዋይደ በ1877 ለንደን ሪጀንት ስትሪት ላይ በጋዝ ሞተር በሚዞር ዲናሞ የሚሠራ የአርክ ስቱዲዮ ከፈተ። ብልኃቱ ከአርኩ ፊት ብርሃን የማያሳልፍ ክብ ነገር ማድረጉ ነው፤ ተነሺው ነጥቡን አያይም፣ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ከኋላ ካለው ሰፊ ጎድጓዳ አንጸባራቂ የተመለሰው ብቻ ነው። በ1901 የመጣው የኩፐር ሂዊት የሜርኩሪ ቱቦ ደግሞ ረጅም በመሆኑ ጥላው ከመጀመሪያውም ለስላሳ ነበር፤ ለማብራት ቱቦውን ዘንበል አድርጎ ሜርኩሪውን ከጫፍ ጫፍ ማስኬድ ይበቃል። ብርሃኑ ቀይ ስለሌለው በሥሩ የቆመ ሰው ከንፈሩ የጠቆረ ሬሳ ይመስላል። ፕሌቱም ቀይ ስለማያይ ግድ አልነበረውም።

ጭሱን ያጠፋው ብርጭቆ ነው። ሉዊ ቡታን በ1893 ባሕር ውስጥ ለማንሳት ሲጣጣር ሾፉር የተባለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማግኒዥየምን ኦክስጅን በተሞላ የመስታወት ኳስ ውስጥ አሽጎለት ነበር፤ ኳሱ ይፈነዳ ስለነበር አልተያዘም። ፊርኬተር በ1925 ሐሳቡን የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ኦስተርማየር ማግኒዥየሙን በስስ የአሉሚኒየም ፎይል ተክቶ በ1930 አካባቢ በባትሪ የሚተኮሰውን አምፖል ለገበያ አበቃው። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፤ አንድ አምፖል ለአንድ ምስል።

የድሮ የሌሊት ፎቶ እጃችሁ ከገባ በየትኛው ብርሃን እንደተነሣ ከተነሺው ዐይን ታገኙታላችሁ። በአርክ ወይም በረጅም ሪባን የተነሣ ሰው ዐይኑ ተጨማድዷል፣ ብሌኑም ጠብቧል፤ ብርሃኑን ሲታገሥ ቆይቷልና። በብልጭታ ዱቄት የተነሣው ብሌኑ ሰፊና ጥቁር ነው፤ ለመጥበብ ጊዜ አላገኘም። ዱቄቱ ከበዛ ነዶ እስኪያልቅ ስለሚዘገይ ሽፋሽፍቱ ግማሽ ወርዶ ይታያል። ይህን የሚያውቁ ፎቶ አንሺዎች ከመተኮሳቸው በፊት የክፍሉን የጋዝ መብራት ሁሉ ይከፍቱ ነበር። የተነሺው ዐይን ብርሃን ለምዶ ይጠብቃል፣ ብልጭታው ሲመጣም ያን ያህል አይደነግጥም። ፕሌቱ ደግሞ የጋዙን ቢጫ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።